ግራው ከላይ

"እማዬ፣ ቀስ! ብሪዝ ማድረግ አልቻልኩም!"

ጌጤነሽ የልብሱን ቀኝ ጎን በግራው ላይ ደርባ፣ እንድትተነፍስ መቀነቱን ትንሽ አላላችው። ልጇ ሃይሚ ዛሬ ቻይናዊውን ቤንጃሚንን ታገባለች፤ ከሠርጉ በፊት ግን የእሱን አገር ጥንታዊ ልብስ ለብሳ ለሴት አያቱ ሻይ ማቅረብ አለባት። ልብሱን አሮጊቷ ራሳቸው ከቻይና ይዘውት መጥተዋል። መልበሱ ግን ጣጣ ነው። ድርብርቡ አያልቅም፣ እጅጌው ወለል ይጠርጋል። በእንግሊዝ አገር፣ በዚህች የኬንቲሽ ታውን ጠባብ መኝታ ቤት፣ ሃይሚ ዞር ባለች ቁጥር ከጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ይወድቃል።

"ቶይሌት ብፈልግስ?"

"ጸልዪ!"

የመጨረሻውን ቋጠሮ አስራ ወደ ኋላ ስትል ግን ጌጤነሽ አፏን ያዘች። ቀዩ ሐር ሃይሚ በተነፈሰች ቁጥር ያበራል፤ የተጠለፉት ወፎች ሊበሩ የተነሱ ይመስላሉ።

"ይሄን የሰው እጅ ነው የሠራው?" አለች፤ እንባዋ መጣ።

ሃይሚ ግን የእናቷን ነጠላ እያየች ነበር። አባቷ መኩሪያ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ጌጤነሽ ዛሬም ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን እንደ ለቀስተኛ ወደ ላይ አድርጋ ነው የለበሰችው።

"ፕሊስ እማዬ፣ ለዛሬ እንኳን።"

"ለዛሬ አባትሽን ልርሳው?"

ሃይሚ ረጅሙን እጅጌዋን ሰብስባ ወደ በሩ አመራች።

ሳሎን ሲገቡ አሮጊቷ ከሶፋው ብድግ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። የሃይሚን ደረት እየጠቆሙ በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አጠገባቸው የነበረው ቤንጃሚን ተሳቀቀ።

"ግራው ጎን ነው ከላይ የሚደረበው" አለ በእንግሊዝኛ። "ቀኙ ከላይ የሚሆነው ሰው ሲሞት ነው።"

ጌጤነሽ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። እሷም የነጠላ ጫፍ ወዴት እንደዞረ አይቶ ሐዘንን ከደስታ የሚለይ ሕዝብ ልጅ ናት። ይህን ያህል ርቀው የሚኖሩ ሰዎችም እንዲሁ መሆናቸው አስደነቃት። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች፤ ልጇን በሠርጓ ቀን በገዛ እጇ ገንዛታለች።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ያስተካክሉልኝ" አለች፣ አማርኛ እንደማይሰሙ ረስታ።

አሮጊቷ ግን ገባቸው። መቀነቱን ፈትተው፣ ግራውን በቀኙ ላይ ደርበው መልሰው አሰሩት። ከዚያም የሃይሚን ጉንጭ ዳሰሱ።

ሃይሚ ሻዩን ቀድታ፣ ቤንጃሚን ረጅሙን እጅጌ ይዞላት ልትንበረከክ ስትል፣ "ቆይ" አለች ጌጤነሽ።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ገልብጣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለበሰችው።

"አሁን ስጫቸው።"