ስድስተኛው ፎቶ

“እጅሽን ዘርጊ” አለች ትርንጎ፣ ዐይኗን ከካሜራው ሳትነቅል። “ሁለቱንም። ክርንሽ አይታጠፍ። መዳፍሽ ወደ እሱ ይዙር። እንደሱ! አሁን ደግሞ እኔን ሳይሆን እሱን እያየሽ።”

ዝናሽ እንደታዘዘችው አደረገች። ለዛሬ የሟቹን ቦታ እንዲይዝ የተመደበው ወጣት ፖሊስ ገደሉን ከኋላው አድርጎ ቆሟል፤ ነፋሱ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ኮፍያውን ሊወስድበት ስለሚታገል “ኧረ ቶሎ በሉ” ይላል። ትርንጎ ሦስት ጊዜ አከታትላ አነሳች።

“ይቺ ናት!” አለ ሳጅን ካሳሁን ከኋላዋ። “ከጠዋት ጀምሮ ስፈልጋት የነበረች ፎቶ ይቺ ናት።”

ትርንጎ ደስ አላት። መደበቅ ምን ያደርጋል፣ ደስ አላት። አሥር ዓመት ሙሉ ደብረ ታቦር ላይ ሙሽራና ተመራቂ ስታነሳ የኖረች ሴት ናት፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣላትና ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆምላት ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋባታል። ሙሽራዋን “እጅሽን ትከሻው ላይ”፣ ተመራቂውን “ቆቡን ትንሽ ዘንበል”፣ አዛውንቱን “አባባ፣ ይሳቁ እንጂ” ማለት ምላሷ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ሰው ካሜራ ፊት አቋቋም አያውቅም፣ ማስቆም የእኔ ሥራ ነው ብላ ታምናለች። ዛሬም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

እዚህ ገደል አፋፍ ያመጣት ሳጅን ካሳሁን ነው። የፖሊሶቹ ካሜራ ተበላሽቶ ነበርና ሠርጉን ያነሳችለትን ትርንጎን አስታወሰ። “የአንድ ቀን ሥራ ናት” አላት። “ሴትዮዋ ባሏን መግደሏን አምናለች። እየመራች እንዴት እንዳደረገችው ታሳየናለች፤ አንቺ ታነሻለሽ፤ ስምንት ፎቶ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። በቃ።” ክፉ ሰው አይደለም። ለዓቃቤ ሕግ መዝገብ የሚያስረክብበት ቀን የደረሰበት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

የዝናሽን ነገር ግን ትርንጎም ከመምጣቷ በፊት ታውቀው ነበር፤ ያላወቀ የለም። አምና ኅዳር ላይ ባሏ ሙላቴ ከገሳይ ገበያ አብረው ሲመለሱ ከዚህ ገደል ወደቀ። ሰክሮ ነበርና ድንገተኛ ሞት ነው ተብሎ ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ዝናሽ እንቅልፍ እምቢ አላት። እህል አስጠላት፤ ቀን ቀንም ከገዛ እጇ ጋር ስታወራ ትገኝ ጀመር። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ የሟቹ ወንድም ባዩ ጸበል ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን ውኃው ሲፈስባት “ሙላቴን የገደልኩት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!” ብላ ጮኸች። ጸበል ቦታ ብዙ ነገር ይጮኻል፤ አንዱ ሰው በላሁ ይላል፣ አንዱ ቤት አቃጠልኩ ይላል፣ መንፈሱ ነው ተብሎ እዚያው ውኃው ሥር ይቀራል። አጥማቂው አባ ገብረየሱስም “ለፍልፎ እየወጣ ነው፤ ተዉት” ብለው ነበር። የባዩ ስልክ ግን እየቀረጸ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያላየው ሰው ጠፋ። ፖሊስ አስጠርቶ በደህና አእምሮዋ ሲጠይቃትም ዝናሽ ያንኑ ደገመች።

ሳጅን ካሳሁን ስልኩ ሲጠራ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጣ። ታዛቢ ተብለው ከቀበሌ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ማዳበሪያ መጥፋት ያወራሉ። ወጣቱ ፖሊስ ከአፋፉ ራቅ ብሎ እግሩን ያፍታታል። ትርንጎ የጸሐይዋን ብርሃን በነጠላዋ ከልላ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ መመልከት ጀመረች። የዝናሽ ቤት በር። መንገዱ። ሙላቴ ቆሞ የተሳደበበት ዋርካ። ገደሉ። አምስተኛውና ስድስተኛው ፎቶ መካከል ስትደርስ እጇ ቆመ።

ሌንሱን ስታስተካክል ሳታስበው የተነሳች ፎቶ ነበረች። ሳጅን ካሳሁን “አሁን ያደረግሽውን አሳዪ” ካለ በኋላ፣ እሷ ደግሞ “እጅሽን ዘርጊ” ከማለቷ በፊት። ዝናሽ አንድ እጇን ብቻ ወደ ፊት ሰድዳለች፤ እጁ ተጨብጧል። ወገቧ ወደ ኋላ ተለጥጧል፤ ተረከዟ አፈሩ ውስጥ ገብቷል። እምቢ ያለ ጥጃ በገመድ የጎተተ ሰው ሁሉ ይህን አቋቋም ያውቀዋል። ይህ የሚገፋ ሰው አቋቋም አይደለም። ይህ የሚስብ ሰው ነው።

ትርንጎ ካሜራዋን እንደያዘች ወደ ዝናሽ ሄደች።

“እትዬ ዝናሽ፣ መጀመሪያ ላይ እጅሽን እንዲህ ያደረግሽው ለምንድን ነው?”

ዝናሽ ስክሪኑን ጎንበስ ብላ አየች። ራሷን በፎቶ ስታይ ምናልባት የመጀመሪያዋ ነበር።

“ጋቢውን ይዤ ነዋ” አለች።

“የማንን ጋቢ?”

“የሙላቴን። እዚህ ሲደርስ ሊመታኝ ዞረ። መንገዱን ሁሉ ሲመታኝ ነው የመጣ፤ እዚህ ግን እግሩ ከዳው። ሲወርድ ጋቢውን ያዝኩት። እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም፣ እጄ ነው የያዘው።”

“አልገፋሽውም?”

“ቆይ እንጂ እህቴ፣ አልጨረስኩም። ያዝኩት፤ ከበደኝ። ከሥር ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ልቤ ምን አለኝ መሰለሽ? ‘ዛሬ ማታ የሚመታሽ የለም’ አለኝ። ደስ አለኝ። እንዲያ ደስ ሲለኝ እጄ ተከፈተ።” የተከፈተውን እጇን አሳየቻት። “ከብዶኝ ይሁን ደስ ብሎኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።”

ዝናሽ አንዴ ጀምራለችና አላቆመችም። ድምጿ ዝግ ያለ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ነበር የምትመስለው።

“ዐይኔን ስከድን ጋቢው ይመጣል። ከገደሉ እስበዋለሁ፣ እስበዋለሁ፣ አያልቅም። ነጭ ነው፤ ዳሩ ቀይ ነው። ቤቱን ይሞላዋል፣ መደቡን ይሸፍነዋል፣ ልጆቼን ይሸፍናቸዋል፤ እኔ ግን መሳቤን አልተውም፣ ጫፉ ላይ እሱ አለ ብዬ። ጫፉ ሲደርስ ያለው ሰው እኔ ነኝ። የገዛ ፊቴ ነው። ያን ጊዜ እጆቼ ይረዝማሉ፤ ረዝመው ያን ፊት ይገፉታል። በየሌሊቱ ነው እንግዲህ። ጸበሉም ያወጣው ይህንኑ ነው።”

ትርንጎ ዝናሽ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆማ ወደ ታች አየች። ከሥር የታጨደ ማሳና የደረቀ ወንዝ ይታያል። ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ተኝተው የሞቱ እናቷ ትዝ አሏት፤ ያ ጠዋት። ኡኡ ከማለቷ በፊት አንዲት ደቂቃ ነበረች፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ልቧ ያላትን ነገር ለንስሐ አባቷም ተናግራ አታውቅም። ገዳይ ማለት ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው ብላ ነበር ወደዚህ የመጣችው። አሁን ፈራች፤ የፈራችው ግን ገደሉን አይደለም።

“ይሄን ለሳጅን ነግረሽዋል?”

“‘ገደልሽው ወይስ አልገደልሽውም?’ አሉኝ። ገደልኩት አልኩ። ‘ገፍተሽ ነው?’ አሉኝ። አዎ አልኩ።”

“ውሸት ነው እኮ!”

“ልቤ ገፍቶታል።”

“በልብ ማን ታስሮ ያውቃል? እትዬ ዝናሽ፣ ዕድሜ ልክ ሊፈረድብሽ ነው እኮ! ልጆችሽስ?”

ዝናሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። “ባዩ ጋ ናቸው” አለች። “ማርያማዊት ስምንተኛ ክፍል ናት። እናቴ አባቴን ገደለች ብላ አልቅሳ አልቅሳ ወጥቶላታል። አሁን ደግሞ ‘ይዛው ነበር፣ እያየችው ለቀቀችው’ ተብሎ እንደ አዲስ ይነገራት? ተይኝ እህቴ። ያቺን ፎቶ አጥፊያት።”

ሳጅን ካሳሁን ስልኩን ኪሱ እየከተተ ወረደ። ትርንጎ ሮጣ ተቀበለችው፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፣ ፎቶዋንም አሳየችው። እሱም ስክሪኑን በደንብ አየ። አለማየትማ ይችል ነበር።

“የጋቢ ነገር መዝገቡ ላይ የለም” አለ በመጨረሻ።

“አልጠየቅሃትማ!”

“ሦስት ጊዜ ቃሏን ተቀብያለሁ ትርንጎ። ሦስቱንም ጊዜ ገፋሁት ብላለች። ዛሬ ለአንቺ ሌላ ነገር ብትል፣ ነገ ለዳኛው ሌላ ብትል፣ እኔ የትኛውን ነው የምጽፈው?”

“የዛሬውን ጻፈው።”

“እሷ ጻፍልኝ አላለችም።” ወደ ዝናሽ ዞረ። “ዝናሽ፣ ቃልሽን ትለውጫለሽ?”

“አልለውጥም ጌታዬ። እንዳሉት ነው” አለች ዝናሽ መሬት መሬት እያየች።

“ሰማሽ?” አለ ካሳሁን። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። “ያቺን አጥፊያትና እንሂድ፤ ሰዉ በጾም ነው።”

ትርንጎ አላጠፋችም። አጥፍቻለሁም አላለች። ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኋላ ወደ መኪናው ወረደች። መንገዱን ሁሉ የገዛ ድምጿ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ክርንሽ አይታጠፍ፣ መዳፍሽ ወደ እሱ ይዙር። ሳጅን ካሳሁን ሲመረምር ሁለት ወር ያላገኘውን ገዳይ እሷ በግማሽ ደቂቃ አቁማ ሰጠችው። በሥራዋ ጎበዝ ናት ይባላል፤ ጎበዝነቷን ያን ቀን ጠላችው።

ካሳሁን ፒክአፑ ፊት ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጠበቃቸው። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ተራው የትርንጎ ሆነ። ከታች፣ ከስሟ በላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ “ከዚህ ጋር የተያያዙት ስምንት ፎቶግራፎች ተጠርጣሪዋ ማንም ሳይመራትና ሳያስገድዳት፣ በራሷ ፈቃድ ባሳየችው መሠረት ያነሳኋቸው መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።”

ትርንጎ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ብዕሩን ተቀብላ፣ ከታተመው ጽሑፍ ሥር በነበረችው ጠባብ ቦታ ላይ በእጇ ጻፈች፦ “በስድስተኛው ፎቶ ላይ ሁለት እጆቿን ዘርግታ እንድትቆም ያደረግኋት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት አንድ እጇን ጨብጣ ወደ ኋላ እየሳበች ነበር።”

ካሳሁን በትከሻዋ ላይ አንገቱን አሳልፎ አነበበ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

“ሰርዢው” አለ ቀስ ብሎ።

“አልሰርዝም።”

“ስሚኝ ትርንጎ። ይሄ ወረቀት እንዲህ ሆኖ የትም አይሄድም። ከእብናት ሌላ ፎቶ አንሺ አመጣለሁ። እዚሁ አፋፍ ላይ መልሼ አቆማታለሁ። ያኔ እጅሽን እንዲህ አድርጊ የሚላት ሰው አያስፈልግም፤ አሁን አውቃዋለች። አንቺም ከእኛ ጋር መሥራትሽ ይቀራል፣ እሷም አትተርፍም። ለማን ነው የምትጽፊው?”

ትርንጎ ዞር ስትል ወጣቱ ፖሊስ ካቴናውን ይዞ ከመኪናው ኋላ ቆሟል፤ ዝናሽም ሳይጠይቃት እጆቿን ሰጥታዋለች፤ ሁለቱንም፣ ክርኗ ቀጥ ብሎ፣ መዳፏ ወደ እሱ ዞሮ። ልጁ ግራ ተጋብቶ መዳፎቿን ወደ ታች ሲመልስላት “እንዲህ መስሎኝ” አለችው።

ትርንጎ እንባዋ መጣ፤ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ በእጅጌዋ ጠረገችው። ካሳሁን እጁን ለብዕሩ ዘርግቶ ይጠብቃታል። አልሰጠችውም፤ ጎንበስ ብላ፣ ከጻፈቻት መስመር ሥር፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፈችና ፈረመች።