ጥርሷ የጠቆረው ልጅ

ንያን ልጇን ሉዋን የወለደችው፣ ፈረንሳዮች አገሩን በያዙበት ዘመን፣ በቀይ ወንዝ ዳር ካለው ምሽግ ከነበረ የፈረንሳይ መቶ አለቃ ነው። ሰውየው አገሩ ገባ፤ ልጅቷ ቡናማ ጸጉሯን ይዛ ከሩዝ ማሳው ቀረች። የመንደሩ ሰው ግማሽ ፈረንጅ ይላታል። ለንያን ግን ልጇ ሙሉ ናት።

ያስፈራት ሌላ ነው። ከሃኖይ የሚመጡ የፈረንጅ ሴቶች እንዲህ ያሉትን ልጆች “ደማችን ናቸው” እያሉ ከእናቶቻቸው ጉያ ይወስዳሉ። ወደ እነሱም መንደር ሊመጡ መሆናቸውን ስትሰማ እህል አልወርድ አላት። የልጇን ጸጉር ጥላሸት ልትቀባው አሰበች፤ ዝናብ ያጋልጠዋል። በኋላ የልጅቷ ጥርስ ትዝ አላት። ወግ ያላት የአገሬው ሴት ጥርሷን ታጠቁራለች፤ ነጭ ጥርስ የውሻ ነው ይባላል። ጥርሷ የጠቆረን ልጅ ማን ፈረንጅ ናት ይላል?

ጥርስ አጥቋሪዋ እማማ ኩዬን አንገራገሩ። ልጅቷ ገና ናት፣ የከተማ ልጃገረዶችም ትተውታል አሉ። ንያን እግራቸው ላይ ወደቀች። ጥርስ የሚያጠቁር የዛፍ ሙጫ በሎሚ ተለውሶ፣ በቅጠል ተደርጎ ጥርሷ ላይ ተለጠፈ። ሉዋ ድዷ አብጦ ቀዝቃዛ የሩዝ ውሃ ብቻ እየጠጣች ሰነበተች። በመጨረሻ ጥርሷ እንደ ሐብሐብ ፍሬ ጠቁሮ አብረቀረቀ።

“በይ እንግዲህ፣ አሁን ማን ይነካሻል” አለቻት እናቷ።

ከሃኖይ የመጣች ማዳም ዴሎርም የምትባል ፈረንጅ በመንደሩ ሹም አስተርጓሚነት ስለ ልጅቷ ጠየቀች። ቤቱን አየች፤ የልጅቷን ንጹሕ ልብስ አየች፤ ደስ ብሏትም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በጓንቷ የሉዋን ከንፈር ገለጥ አደረገች፣ ወዲያውም መሀረቧን አፏ ላይ ያዘች።

ሹሙ መሬት መሬት እያየ ለንያን ነገራት። “ምነው አንቺ፣ ባልነካካሻት ኖሮ። ልጅቷ በእንክብካቤ ተይዛለች፣ ከእናቷ ጋር ትቆይ ሊሉ ነበር። አሁን ግን ልጅ ከምታበላሽ ሴት ጋር አትቀርም ነው የሚሉት።”

ንያን የእናቷም፣ የአያቷም ጥርስ እንዲሁ መሆኑን ለማስረዳት የራሷን ከንፈር ገልጣ ጥቁር ጥርሷን አሳየች። ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። ሉዋን የጫነው መኪና የወንዙን ግድብ መንገድ ይዞ ሄደ።

ንያን ስንት ደጅ ጠንታ፣ ከወራት በኋላ ከሃኖይ የልጆች ማሳደጊያ በር ላይ ቆመች። ሉዋን ጠሩላት። ጫማ አድርጋለች፤ ጸጉሯ ተቆርጧል፤ ጥርሷ ተፍቆ ተፍቆ ግራጫ ሆኗል። ንያን እጆቿን ዘርግታ፣ ጥርሷ እስኪታይ በደስታ ሳቀች።

ልጅቷ ዞር ብላ ግቢ ውስጥ የቆሙትን ጓደኞቿን አየች።

“እማዬ” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አፍሽን ግጠሚ። እያዩን ነው።”