ሰሊማ ያፈጠነችው ኮምፒውተር

ወልደኪዳን በቀላሉ ሰው የሚያደንቅ ሰው አልነበረም። ሆሳዕና ላይ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ከከፈተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአፉ የወጣ ትልቁ ሙገሳ «ደህና ነው» የሚል እንደሆነ ሚስቱ ወርቅዬ ራሷ ትመሰክራለች። አባቱ ከመንዝ ለመንግሥት ሥራ ተመድበው የመጡ ነበሩ። እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ሀዲይኛን እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር የሆሳዕና ልጅ ነው።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ኮምፒውተሩ አዋረደው።

ፎቶ ለማስተካከልና ደብዳቤ ለመጻፍ የሚበቃ ዕቃ ነበር። ለሠርግ ፊልም ግን አቅም አልነበረውም። ወልደኪዳን ምስሉን ቆራርጦ፣ ዘፈኑን ገጣጥሞ፣ በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣ ሲያዘው ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ያምጣል። አንዳንዴ ይጨርሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ቀጥ ካለ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።

በወሩ አንድ ሰኞ ወልደኪዳን ሠርጉን የቀረጸለት ሀምዛ የሚባል ሙሽራ መጣ። የጃጁራ ልጅ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፤ ለሠርጉ ሲል ነው የመጣው።

«ሁለቱ ወንድሞቼ ሱቁን ጥለው መምጣት አልቻሉም» አለ። «እናቴ ስትመርቀኝ ያለቀሰችውን እነሱም ማየት አለባቸው። አርብ ከሰዓት ከዚህ እነሳለሁ። ፊልሙን በእጄ ይዤ መሄድ አለብኝ።»

ወልደኪዳን «እሺ» አለና ቆርጦ የጨረሰውን ፊልም እንዲያወጣ ኮምፒውተሩን አዞት ወደ ቤቱ ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ሲገባ ኮምፒውተሩ ሰማንያ ሰባት ፐርሰንት ላይ ደርቆ ቆሞ አገኘው። እንደገና ቢጀምረውስ፣ እንደገና ላለመቆሙ ምን ዋስትና አለው? አዲስ ለመግዛት አቅሙ አይፈቅድም። ቢፈቅድስ፣ አዲስ አበባ ተሂዶ፣ ተገዝቶ፣ ፕሮግራሙ ተጭኖ መቼ ሊደርስ?

አጠገቡ ካለው የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ሰሊማን የጠራት ተስፋ አድርጎ ሳይሆን ጨንቆት ነው። ሰሊማ ቴክኒክና ሙያ ጨርሳ እዚያ ቤት የተቀጠረች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ወልደኪዳን የሚያውቃት ፕሪንተር ውስጥ የተጣበቀ ወረቀት ስታወጣ ነው እንጂ ሌላ ሙያ ይኖራታል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሰሊማ የኮምፒውተሩን ጎን ፈታች። እንደ ብርድ ልብስ የወፈረውን አቧራ በብሩሽ ጠረገችና የስልኳን መብራት አብርታ ዕቃዎቹ ሁሉ በተሰኩበት ቦርድ ላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ፊደሎች አንድ በአንድ አነበበች።

«ጋሽ ወልደኪዳን፣ አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም» አለች በመጨረሻ። «ቦርዱ ጠንካራ ነው። ደካማው ላዩ ላይ የተቀመጠው፣ ሥራውን ሁሉ የሚያስበው ፕሮሰሰር ነው። እዚሁ ቦታ ላይ የሚገባ፣ እንደ ሁለት ሰው ሆኖ የሚሠራ ፕሮሰሰር አለ። ከአዲሶቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ያገለገለ ካገኘን ደግሞ ይበልጥ ይረክሳል። ፋብሪካው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሸጠው፤ ከፍ ሊደረግ ይችላል።»

«ማን ነው ከፍ የሚያደርገው?»

«እኔ።»

«ከዚህ በፊት አድርገሽ ታውቂያለሽ?»

«ኮሌጅ እያለሁ፣ በተጣሉ ኮምፒውተሮች ላይ ሁለቴ ሞክሬያለሁ። አንዱ ሰመረ፤ አንዱን አቃጠልኩት።»

«ለምን ተቃጠለ?»

«ቸኩዬ» አለች፤ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል።

ወልደኪዳን በዕድሜው ብዙ ባለሙያ አይቷል። ያበላሸውን ሳይጠየቅ የሚናገር ግን አላጋጠመውም። «በይ ጀምሪ» አላት።

የሰሊማ ወንድም ሚፍታህ በአይሱዙ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ድንች ያመላልሳል። ያን ቀን አዲስ አበባ ስለነበር በስልክ በሀዲይኛ የምትፈልገውን ፕሮሰሰር ቁጥር ሦስት ጊዜ አስደግማ አስያዘችው። «ከሥር ያለውን ወርቃማ ነገር በጣትህ እንዳትነካው፤ እንደ እንቁላል ያዘው» ስትለው ወልደኪዳን ሰማ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ሚፍታህ ደረሰ። ፕሮሰሰሩን በስፖንጅ ጠቅልሎ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጎ፣ ጋቢና አጠገቡ አስቀምጦ ነበር ያመጣው። ስትፈታው የክብሪት ቀፎ እንኳ አያክልም።

«ይቺ ናት?» አለ ወልደኪዳን።

«እሷ ናት። ግን ከዚያ በፊት አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ።»

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚያነበው ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ቦርዱ ውስጥ አለ። እሱ ካልታደሰ ቦርዱ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ማደሱ የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው። በዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ መብራት ከጠፋ ግን ቦርዱ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። መብራት ደግሞ በዚያን ሰሞን ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚሄድ ነበር። ወልደኪዳን መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ነበረው፤ ባትሪው ግን ከሞተ ዓመት አልፎታል።

ሰሊማ ዩፒኤሱን ገልብጣ አየችው። ከዚያ በር ላይ የቆመውን አይሱዙ አየችው። ከዚያ ወንድሟን።

«እንዳታስቢው» አለ ሚፍታህ።

«መኪናው ሁለት ባትሪ አለው። አንዱን ለአንድ ሰዓት አውሰኝ።»

ሚፍታህ እያጉረመረመ ፈታላት። እሷ የባትሪውን ኃይል በቴስተር ለካች፤ ሽቦ ልጣ ከዩፒኤሱ ጋር አገናኘች፤ ለሙከራ ሶኬቱን ነቅላ አምፖል አበራችበት። አምፖሉ አልጠፋም። ያኔ ነው ማደሱን የጀመረችው።

ስክሪኑ ላይ አንድ ነጭ መስመር ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ግማሹን እንዳለፈ የጎረቤቱ ሬዲዮ ድንገት ዝም አለ። የቤቱ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ «ጢጥ፣ ጢጥ» ማለት ጀመረ።

«ማንም ምንም እንዳይነካ!» አለች ሰሊማ።

ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ነጩ መስመር ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ቀጠለ፤ ዳር ደረሰ። «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ሚፍታህ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወንበር ላይ ወደቀ። ወልደኪዳንም ሳያስበው አማተበ። ሰሊማ ብቻ ናት ያልተቀመጠችው። መብራቱ እስኪመጣ በመስኮቱ ብርሃን አሮጌውን ፕሮሰሰር አወጣች፤ ማቀዝቀዣውን በአልኮልና በጥጥ ወለወለች፤ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት የምስር ፍሬ አክል ጠብ አድርጋ አዲሱን ገጠመች።

ከሰዓት በኋላ ፍጥነት የመጨመሩ ሥራ ተጀመረ። ወልደኪዳን አንድ ቁልፍ ተጭና የምትጨርስ መስሎት ነበር። እሷ ግን የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነውን፣ ሁለት መቶ የሚለውን ቁጥር ሁለት መቶ አሥር አደረገች፤ አስነሳች፤ ፈተነች፤ ሙቀቱን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ሁለት መቶ ሃያ። እንደገና አስነሳች፣ ፈተነች፣ ጻፈች። የኮምፒውተሩን ጎን ክፍት ትታ ነፋሱ ወደሚገባበት መስኮት አስጠጋችው። «የሆሳዕና ብርድ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው» አለች። «ሀዋሳ ቢሆን ኖሮ አልደፍርም ነበር።»

ሁለት መቶ ሰባ ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቆመ። እሷ አጥፍታ፣ ቅንብሩን ወደ መነሻው የምትመልሰውን አንዲት ትንሽ መሰኪያ ከቦርዱ ላይ ነቅላ መልሳ ሰካችና ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነሳ። ከዚያም ሁለት መቶ ስድሳ ላይ ሞከረችው፤ ሠራ። የሚገርመው፣ ቀጥሎ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ አወረደችው።

«ስድሳው ሠርቶ የለም እንዴ?» አለ ወልደኪዳን። ፍጥነቱ እየጣመው መጥቶ ነበር።

«ሠርቷል። ግን ስድሳ ጫፍ ነው። መብራታችን ከፍ ዝቅ ይላል፤ አቧራም አለ፤ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱም ይጨምራል። ለወሬ ከሆነ ስድሳ ላይ እንተወው። ለእንጀራዎ ከሆነ ግን ሃምሳ ይበቃዎታል።»

ሐሙስ ጠዋት ወልደኪዳን ሥራው ሊጀመር ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ሰሊማ ኮምፒውተሩን እስከ ቀትር የሚያስጨንቅ መፈተኛ ከፈተችበት። በዚህ መሃል ሀምዛ ከች አለ። ስክሪኑ ላይ ፊልም ሳይሆን ቁጥር ሲወርድ አይቶ ደሙ ፈላ።

«ነገ ነው የምነሳው! ይሄ ምንድን ነው? የእኔ ሠርግ የት አለ?»

«ኮምፒውተሩ እየተፈተነ ነው» አለች ሰሊማ።

«እኔ ለፈተና ነው የከፈልኩት?»

ወልደኪዳን ከወንበሩ ተነሳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደንበኛ ሲቆጣ ሠራተኛ ላይ የሚያላክክ ሰው ነበር። «ሀምዛ፣ ስማኝ» አለ። «ሰኞ ያለ ፈተና ጀምሬው ሰማንያ ሰባት ላይ ቀርቶብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቺ ልጅ በቃ እስክትል ድረስ እኔም አልነካውም። ነገ ጠዋት ና፤ ካልደረሰ ብርህን መልሼ፣ ራሴ ጃጁራ ሄጄ እናትህን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሀምዛ ሁለቱንም አየና እያጉተመተመ ወጣ። ሰሊማ ደብተሯ ላይ ሙቀቱን ጻፈች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር።

ቀትር ላይ ፈተናው ያለ አንድ ስህተት አለቀ። ዙሁር ሰግዳ ተመለሰችና «አሁን ይጀምሩ» አለችው። ወልደኪዳን ሰባት ሰዓት ላይ አዘዘው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ፊልሙ አለቀ። ሃያ አራት ሰዓት ሲያምጥ የነበረው ዕቃ በአራት ሰዓት ተኩል ጨረሰ! ወልደኪዳን ተቆርጦ የቀረ ነገር ይኖራል ብሎ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር እያሳለፈ አየው። ሁሉም አለ፤ የእናትየዋም ምርቃት አለ።

አርብ ጠዋት ሀምዛ እናቱን ወይዘሮ አይሻን ይዞ መጣ። እሳቸው የራሳቸውን ድምፅ ከስክሪኑ ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ይሄን ማን ሠራው?» ብለው በሀዲይኛ ጠየቁ። ወልደኪዳን ከአፉ «እኔ» የሚለው ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ፊልሙን የቀረጸውም የቆረጠውም እሱ ነዋ። ግን ዞረና በሀዲይኛ «እሷ ናት ያደረሰችው» ብሎ ሰሊማን አሳያቸው። ሴትዮዋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። ሀምዛም ስለ ሐሙሱ ቁጣው ይቅርታ ጠየቃት።

ያን ቀን ማታ ወልደኪዳን ለሚስቱ ሁሉንም ሲያወራ ወርቅዬ «እና ምን አልካት? ደህና ነው አልካት?» ብላ ሳቀችበት።

«ምንም አላልኳትም» አለ። «ቃል አጣሁላት።»

ቃል ቢያጣም ቦታ አላጣም። ከቪዲዮ ቤቱ ግማሹን ከፍሎ ለሰሊማ የጥገና ሥራ ለቀቀላት። ፋሲካ ሳይደርስ ዝናዋ ከሆሳዕና አልፎ ዱራሜና ዳምቦያ ገባ። አንድ ቀን አቤሴሎም የሚባል የዳምቦያ ቪዲዮ አንሺ ኮምፒውተሩን በአውቶቡስ ታቅፎ መጣና «የእኔንም እንደሱ አፍጥኚልኝ፤ ከእሱም አብልጪልኝ» አላት።

ሰሊማ ከፍታ አየችው። ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያረጋጉት ትንንሽ በርሜል መሳይ ነገሮች ሆዳቸው አብጧል።

«ይሄ አይችልም» አለችው። «አሁን ባለበት ፍጥነትም ደክሟል። ከጨመርኩበት ይሞታል። አጸዳልዎታለሁ፤ እነዚህን እቀይርልዎታለሁ፤ ፍጥነቱን ግን አልነካም።»

«ብር ልጨምርልሽ?»

«ብር ቦርዱን አያጠነክረውም» አለችና ብየዳውን ለመጀመር ካውያውን ሰካች።

ወልደኪዳን ከማዶ ሆኖ ይሰማ ነበር። ለአቤሴሎም ወንበር አቀረበለትና «ቁጭ በል ወንድሜ» አለው። «እሷ አይሆንም ካለች አይሆንም።»