እጅ የማይቆጠርበት ደንብ

የኮምፒውተር ኔትወርክ ባለሙያዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ እጅ እያወጡ መወሰን አንገሽግሿታል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አግተልትለው መጥተው አዳራሹን ይሞሉና ያሻቸውን ደንብ ያስጸድቃሉ። ስለዚህ አዲስ አሠራር አረቀቀች። ከእንግዲህ እጅ አይቆጠርም፤ ተቃውሞ ያነሳ ሰው በቂ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ግን ምንም ደንብ አይጸድቅም።

ዛሬ ረቂቁን አንብባ ስትጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ አንድ ሰው ብቻ ተነሳ፤ ያውም የገዛ ታናሽ ወንድሟ።

«መልሱ በቂ መሆኑን የሚወስነው ማነው?»

«ሰብሳቢዋ ናታ» አለች።

«እንግዲያው አንቺ ካልሽው ውጪ የሚሆን ነገር የለም ማለት ነው፣ እትዬ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጠገቧ የተቀመጠው ጸሐፊ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ተይው፣ ነገር ፈላጊ ነው። ለዛሬ ብቻ እጅ እናውጣና እንገላገል።»

ማይክሮፎኑ ሹክሹክታውን ለአዳራሹ አሰምቶት ኖሮ፣ ገና ሳትመልስለት እጆች ብድግ ብድግ አሉ። ከወንድሟ በቀር ያላወጣ አልነበረም። ደሟ ፈላ፤ ቤት ቢሆን ኖሮ ልኩን ታሳየው ነበር። ዓይኗ ግን ረቂቁ ላይ፣ «በቂ መልስ እስኪያገኝ ድረስ» የሚለው ላይ አረፈ።

«እጃችሁን አውርዱ» አለች ረቂቋን እያጠፈች። «ገና አልመለስኩለትም።»