ያረረ ቆሽት

ሐኪሟ «እንጠብቃለን» ስትል ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነበር። የታማሚው ትልቅ እህት ደግሞ አንድ ቃል አራት ጊዜ ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«ምን እስኪሆን ነው የምንጠብቀው?» አለች የሐኪሟን ጠረጴዛ በሁለት እጇ ጨብጣ። «ወንድሜ ከተኛ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ትኩሳቱ አልበርድ ብሏል፣ ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሆኗል፣ ምግቡ የሚገባው በአፍንጫው ነው። እናንተ ጠዋት ጠዋት እየመጣችሁ ወረቀቱን አገላብጣችሁ ትሄዳላችሁ። ካቃታችሁ አቃተን በሉኝና ወደሚችል ልውሰደው።»

ሐኪሟ በዕድሜ ታንሳታለች፤ ትዕግሥቷ ግን የአሮጊት ነው። ከመሳቢያዋ ባዶ ወረቀት አውጥታ ጨጓራ ሳለች፤ ከጨጓራው ጀርባ ደግሞ ቆሽቱን፣ ከቆሽቱ ግማሹን በእስክሪብቶ አጠቆረችው።

«ይህ የጠቆረው ሞቷል» አለች። «ግን ገና ከደህናው አልተለየም። አሁን ብንነካው ደህናውንም አብረን እንቦጭቀዋለን፤ ደም ከፈሰሰ ደግሞ በእጃችን ላይ ሊያልፍ ይችላል። አራት ሳምንት ሲሞላው ሰውነቱ ራሱ በሞተው ዙሪያ ግድግዳ ይሠራል። ያኔ በአፉ በኩል ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብተን፣ ጨጓራውን ከውስጥ በስተን፣ የሞተውን ብቻ እየለቀምን እናወጣለን። ሆዱን አንከፍተውም።»

እህትየው ሃያ ዓመት ሙሉ መስታወት ስትቆርጥ የኖረች ናት። መስታወት የሚጣበቅበትን ሲሊኮን ሳይደርቅ የነካ ሰው መስኮቱን እንደሚያበላሸው ማንም ሊነግራት አያስፈልግም፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። ስለገባትም የባሰ ተናደደች፤ የምትቆጣው ሰው አጣች።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወንድሟን ስንት ጊዜ «ቆሽቴን አሳረርከው» ብላዋለች። ለካ እውነትም ያርራል።

ወንድምየውን ደንበኞቹ ሁሉ «ክሬኑ» ይሉታል። የሱቅ መስታወት ብቻውን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የሚወጣ ሰው ነበር። እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፤ እሱ ይሸከማል፣ ይገጥማል። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ እንዲህ ነው የኖሩት። እሱ «እትዬ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ እንደ ልጇ ትቆጣዋለች።

ሕመሙ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው። ምግብ በበላ ቁጥር ቀኝ ጎኑን ከጎድኑ ሥር ይይዘውና ወደ ጀርባው ይሄዳል። ከሱቃቸው አጠገብ ያለው ክሊኒክ ሄደ፤ «ጨጓራ ነው» ተባለ። ሽሮፕ ጠጣ። ደግሞ ሄደ፤ አሁንም ጨጓራ። በሦስተኛው ጊዜ መሰላል ላይ እንዳለ አጥፎ ያዘው፤ ከሥር ሆና መስታወቱን የያዘችለት እህቱ፣ «ጨጓራ የሌለበት ሰው አለ እንዴ? ወርደህ ውሃ ጠጣና ተመለስ፣ ሰውየው መስኮቱን ዛሬ ነው የሚፈልገው» አለችው። ወረደ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተመለሰ። መስኮቱንም ገጠመ።

ያቺን ቃሏን ሆስፒታል ከገባ ወዲህ በየቀኑ ታላምጣታለች።

በሃያ አንደኛው ቀን ሐኪሟ መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «ለዚህ ሁሉ መነሻው የሐሞት ከረጢት ጠጠር ነው» አለች። «አንዷ ወርዳ የቆሽቱን መውጫ ዘግታበታለች። ከዚህ በፊት በአልትራሳውንድ ታይቶ ያውቃል?»

ክሬኑ የደረቀ ከንፈሩን አላቀቀ። «አንድ ጊዜ ክሊኒኩ ሆዴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው አይተውኝ ነበር። ውጤቱን ሐኪሙ ይነግርሃል አሉኝ። ሐኪሙ ምንም አላለኝም፤ እኔም ደህና ቢሆን ነው ብዬ ተውኩት።»

እህትየው የቀረውን አልሰማችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ፋይሉን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። አልትራሳውንዱ ስምንት ወር ሆኖታል። ሠራተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላት፤ በሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ብዙ ትናንሽ ጠጠሮች አሉ፣ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ይላክ ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። የሚቀጥለው ገጽ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ የጨጓራ መድኃኒት የታዘዘበት ነው። ፊርማው ያው።

ወረቀቱን ተቀብላ፣ ተራ የሚጠብቁትን አልፋ የሐኪሙን በር ከፈተች። ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችው።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

ሐኪሙ መነጽሩን አስተካከለ። «የእኔ ይመስላል።»

«ይመስላል ነው ወይስ ነው?»

«ነው።» እንደገና አነበበው፤ ፊቱ ሲገረጣ አየችው። «እህቴ፣ በቀን ስልሳ ሰው ነው የማየው። ወረቀት ይከመርብኛል። ሳላነበው ፈርሜ ይሆናል።»

«ሳታነበው።» እርስዎ ማለቱን እዚያው ጣለችው። ድምፅዋ ግን ከፍ አላለም፤ የሚያውቋት ቢኖሩ በዚህ ይደነግጡ ነበር። «እኔ ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም። መስታወት ነው እንግዲህ፤ ቢሰበር ሌላ ይመጣል። አንተ የሰው ሆድ ይዘህ ሳታነብ ትፈርማለህ። የወንድሜ ቆሽት ግማሹ ሞቷል።»

«ይቅርታ...»

«እሱን ለእሱ ንገረው። ተነስ፣ አሁን እንሂድና ንገረው።»

«ታካሚዎች እየጠበቁኝ ነው።»

ዞር ብላ በተከፈተው በር ተራ የያዙትን አየቻቸው። አንዲት እርጉዝ፣ አንድ ሽማግሌ፣ እጁን በሻርፕ ያሰረ ሰው። «የእነሱን እንኳ አንብብላቸው» ብላ ወጣች። የወረቀቱን ግልባጭ ማኅተም አስመትታ ያዘች።

አራት ሳምንቱ ሲሞላ ሐኪሟ እንዳለችው አደረገች። በመጀመሪያው ቀን ከጨጓራው ወደ ሞተው ሥጋ የሚያሻግር አጭር፣ ሰፊ ቱቦ ገጠመችለት፤ አንድ ሊትር ተኩል መግል ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው ቀዳዳ ካሜራውን አሳልፋ ለቀማውን ጀመረች። በሽቦ ቀለበት ትይዛለች፣ ትስባለች፣ ታወጣለች፤ ደግሞ ትመለሳለች። ሁለት ሰዓት ፈጀ።

የኢንዶስኮፒው ክፍል ነርስ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ጎልማሳ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ይዘው ወደ ላቦራቶሪ ሲያልፉ እህትየው መንገዱን ዘጋችባቸው።

«ያሳዩኝ።»

«ይቅርብሽ እህቴ። ደስ የሚል ነገር አይደለም።»

«ደስ ይለኛል አላልኩም።»

አሳዩዋት። ግራጫና ጥቁር፣ ሲነከር የከረመ ጨርቅ ቁርጥራጭ የመሰለ ነገር ነው። አፍንጫዋን ሳትይዝ ፈዛ አየችው። ስምንት ወር መሳቢያ ውስጥ የተኛው ወረቀት መጨረሻው ይህ ነበር።

በሁለተኛው ለቀማ ደም ፈሰሰ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ሰው ሮጠ፣ የደም ከረጢት መጣ። አርባ ደቂቃ ማንም ምንም አላላትም። በኋላ ነርሱ ወጥተው «ቆሟል፤ ለዛሬ ይበቃዋል» ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። ያኔ ነው የመሰላሉን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገረችው። እሳቸውም «አላወቅሽም ነበራ» አሏት።

«እኔ አላወቅሁም። ያ ፊርማ ግን ማወቅ ያለበት ሰው ፊርማ ነው» አለች።

ለቀማው አምስት ጊዜ ሆነ። ከአራተኛው በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ከአምስተኛው በኋላ ምግብ ጠየቀ። ሰላሳ አንድ ኪሎ ቀንሶ፣ ስኳር ተርፎት፣ ዕድሜ ልኩን ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሆኖ ግን በእግሩ ቆመ።

ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የክሊኒኩ ሐኪም ብርቱካን ይዞ መጣ። እህትየው በሩ ላይ ቆመችበት።

«እትዬ፣ ይግባ» አለ ክሬኑ ከአልጋው።

ገባ። ወንበር ሲሰጠው አልተቀመጠም። ሳያነብ መፈረሙን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ሁሉንም ሳይሸሽግ ተናገረ። ክሬኑ የቀጠነ እጁን ዘረጋለት። «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አንተም አትታመም» አለው። ሐኪሙ አለቀሰ።

እህትየው እንባው እስኪያልቅ ጠበቀች። «እሱ ምሮሃል። ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር፤ የመታውን ልጅ ቤት ይዞት ይመጣል። እኔ ሰኞ ማመልከቻዬን አስገባለሁ።»

አስገባች። የባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አራት ወር አየውና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ደብዳቤው የደረሳት ሱቋ ውስጥ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንብባው ስታበቃ ለወንድሟ አቀበለችው፤ እሱ አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይለካል፣ መሸከሙን ሌላ ሰው ነው የያዘው።

«በቃ እትዬ» አለ። «እኔ የተውኩትን አንቺ ምን ያንገበግብሻል? መናደድ አይሰለችሽም?»

«ይሰለቸኛል» አለች። «አንተ የራስህን ነው የተውከው። የሌላውን ሰው ወረቀት እኔ አልተውም። ያ ክሊኒክ ዛሬም ውጤት ለታካሚ በእጁ አይሰጥም፤ ትናንት ሄጄ ጠይቄያለሁ።»

«እና?»

«እናማ ይግባኝ እላለሁ። ሐኪሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በክሊኒኩም ላይ።»

ክሬኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ሜትሩን አስቀምጦ ጃኬቱን አነሳ። «እንግዲያው አብሬሽ ልሂድ። እንዲህ መሆኔን ካላዩ አያምኑሽም» አለ።

እጇን ከመስታወት ብናኝ አራግፋ ሱቁን ዘጋች። እሱ ቶሎ ስለሚደክመው በየመሃሉ እየቆመች እየጠበቀችው፣ እንደተናደደች ወደ ኮሚቴው ቢሮ ሄዱ።