ለጦጣዋ የሚመች መድረክ

አብዲሳ ማመልከቻውን የጻፈው በጥሩ አማርኛ ነው። ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ተማሪ ሳለ፣ ለባለቁልፍ ስልክ አንድ ጨዋታ ሠርቶ ነበር፤ ወንጭፍ የያዙ ባልቴት ከገብስ ማሳቸው ጦጣ ያባርራሉ። ጨዋታው በብሉቱዝ ከአሰላ ተነሥቶ ዲክሲስ ደረሰ፣ ሲሬ ገባ፣ የአቦምሳን የአይሱዙ ሾፌሮች ሳይቀር ሱስ አስያዘ። ኋላ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲቀይር ጨዋታው አብሮ ተቀበረ።

ዘንድሮ ሊያስነሣው ቆርጧል። ግን ምን ላይ? ተች ስልክ ላይ? ኮምፒውተር ላይ? ወይስ ወጣቱ ተኮልኩሎ በሚውልበት ፕሌይስቴሽን? አንድ የመንግሥት ቢሮ የሚመቸውን መርጦ፣ ባለሙያ መድቦ እንደሚያሠራ ሰማ፤ ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። ጨዋታው የሚሠራበትን መሣሪያ በፈረንጅኛ «ፕላትፎርም» ብሎ መጻፍ ነውር መሰለውና «ለጨዋታዬ ዳግም መውጣት የሚመች መድረክ ይመረጥልኝ» አለ።

በሳምንቱ ተጠራ። አዳራሹ ውስጥ ምንጣፍ የተነጠፈበት መድረክ፣ ሁለት ማይክ፣ የፕላስቲክ አበባና መቶ የሚሆን እንግዳ ጠበቀው።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ» አለችው ትንቢት፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው የቢሮው ጸሐፊ። «ስታዲየሙን አስበን ነበር፤ ዝናብ ፈራን። ተዋናዮቹስ?»

«የምን ተዋናዮች?»

«ባልቴቷና ጦጣዋ ነዋ!»

«እኅቴ፣ እኔ እኮ መድረክ ያልኩት ስልክ ምናምን ማለቴ ነው።»

ማመልከቻውን አወጣች። «እዚህ የሚለው መድረክ ነው። ፊርማህም አለበት።»

ስሙ ተጠራ። ምን ያድርግ? ለማሳያ በኪሱ የያዘውን አሮጌ ስልክ ይዞ ወጣና ጨዋታውን ከፍቶ ማይኩን አስጠጋለት። የጦጣዋ ጩኸት አዳራሹን ሞላው።

«ያቺ ሌባ!» አሉ ከፊት የተቀመጡት እህል ነጋዴዋ አዴ ሀጂራ። «በግራ ነው የምትመጣው፣ ልጄ፣ በግራ!»

«በቀኝ ነው፣ አዴ!» አለ ከሲሬ የመጣው መምህር ጉደታ። «እርስዎ ድሮም ሦስተኛው ማሳ ላይ ነው የሚሸነፉት!»

«አንተ ዝም በል! ሠርግህ ላይ ሙሽራይቱን ትተህ ስትጫወት አይደል ያየንህ!»

አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ እያለ ጮኸ። አብዲሳ ላቡን ጠርጎ ሲወርድ ልቡ ሞቋል።

«አየሽ አይደል? ባለሙያዎቹ መቼ ይጀምራሉ?»

«የምን ባለሙያ?» ትንቢት ቃለ ጉባኤውን አነበበችለት፦ «ጨዋታው በተጠየቀው መድረክ ላይ በደማቅ ሁኔታ ዳግም ቀርቧል። የአመልካቹ ጥያቄ ስለተመለሰ ፋይሉ ተዘግቷል።»

«አዲስ ባመለክትስ?»

«ትችላለህ፤ ለከርሞ።»

ዞር ሲል አዴ ሀጂራ ስልካቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ተች ነው። ከኋላቸው ጉደታ፣ ከጉደታ ኋላ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል፤ ሁሉም የያዘው ተች ነው። ኮምፒውተር ያነሣም፣ ፕሌይስቴሽን የጠራም የለም።

«ጫንልኝ።»

«እዚህ ላይ እንዲሠራ ገና መሠራት አለበት፣ አዴ። ብቻዬን ስለሆንኩ ዓመት ይፈጃል።»

«ዓመት!» አሉ አዴ ሀጂራ። «እስከዚያማ ገብሱን ጨረሰችው በለኛ!»