ከትራስ ሥር ያለው ቢላዋ

አብዮት ጠባቂዎች ሰብስቤን ከናዝሬት ገበያ አፍሰው ለጦር ሜዳ የወሰዱት ሚስቱ በወለደች በሳምንቷ ነው። ሚስቱ ሸዋወርቅ እኅቴ ናት። ላስታምማት ከሞጆ ስመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኘኋት። ሕፃኑ ቢያለቅስም ዞር አትልም፤ ከማንም ጋር አትነጋገርም።

አማቷ እማማ ጥሩነሽ «ሰይጣን ቀርቧታል» ብለው የሥጋ ቢላዋ ከትራሷ ሥር ከተቱ። አራስ ያለ ብረት አትተኛማ!

የአራት ዓመት ልጇ ሙሉብርሃን ደግሞ አውሬ ሆነች። ትናከሳለች፣ የሰው ፊት ትቧጭራለች፣ ቢላዋውን እየሰረቀች ሽንት ቤት ትጥላለች። እማማ ጥሩነሽ ሌላ ቢላዋ ይተኩና ልጅቷን በአለንጋ ይገርፏታል፤ በበርበሬ ያጥኗታል። «የእናቷ ሰይጣን ወደሷ ተሻገረ» ይላሉ። «ተዉ እማማ፣ ልጅ ናት!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ?

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጅቷ ቢላዋውን ከትራሱ ሥር ስትጎትት ደረስንባት። ስለቱ መዳፏን ሸርክቶት ደሟ ይንጠባጠባል፤ ግን አትለቅም። አለንጋው ፊቷ ላይ አረፈ። የአያቷን እጅ ነከሰች፤ እሳቸውም በቡጢ አፏን አሏት። ያኔ ደሜ ፈላ። አሮጊቷን አንገታቸውን ይዤ ከግድግዳው ጋር አላተምኳቸው።

«ለምንድን ነው የምትሰርቂው?» አሉ እያለከለኩ።

ሙሉብርሃን ደም የነካ ጣቷን ወደ ሕፃኑ ቀሰረች።

«ሁላችሁም ስትወጡ እማዬ አንገቱ ላይ ታደርገዋለች።»

ሸዋወርቅ ከግድግዳው ዞረች።

«እውነቷን ነው» አለች። «እባካችሁ፣ ቢላዋውን ውሰዱልኝ።»